ዕጣው ከወጣ በኋላ «አይነበብ!» ሲባል

(ባለፈው ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ በተደረገ የማኅበረሰብ ስብሰባ ላይ ያቀረብኩት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው የተገለበጠ ስለሆነ መደጋገሙን አልነካሁትም። ዓመቶቹ በፈረንጅ፣ ሰዓቶቹ በሐበሻ አቆጣጠር ናቸው።)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? ይሰማል? እሺ። ኑ ወደፊት፣ ወንበር አለ። የፊት ረድፍ ሁልጊዜ ለማን እንደምናስቀምጠው እኔ አላውቅም።

ስትጋብዙኝ «ስለ ምርጫ ንገረን» ነው ያላችሁኝ። እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ሃያ ሁለት ዓመት ዲሲ ውስጥ ታክሲ ነድቻለሁ። በካፒቶሉ፣ በአሜሪካ ምክር ቤቶች ሕንፃ፣ አጠገብ ስንት ሺህ ጊዜ እንዳለፍኩ እግዜር ይቁጠረው። ውስጡ ምን እንደሚሠራ ያወቅሁት ግን ታክሲውን ከተውኩና በምርጫ ጣቢያ መሥራት ከጀመርኩ በኋላ ነው። እንግዲህ የዛሬው ጥያቄ ይህ ነው። ሕዝብ መርጦ፣ ድምፅ ተቆጥሮ፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ አንድ የምክር ቤት አባል ተነሥቶ «ይህን ውጤት እቃወማለሁ» ሲል ምን ማለቱ ነው? ይችላል ወይ? ከዚህ በፊትስ ማን አድርጎታል? ሦስት ነጥብ አለኝ። ሦስት ማለቴን አትመኑ። መንገድ ላይ እንደምጠፋ የሚያውቁኝ ያውቃሉ።

አንደኛው ነጥብ፣ ቀኑ የምን ቀን ነው የሚለው ነው። በእቁብ ልጀምር። እዚህ ቤት ውስጥ እቁብ ጥሎ የማያውቅ እጁን ያውጣ። አያችሁ? አንድም የለም። ዕጣ እንዴት ነው የሚወጣው? ስም በወረቀት ይጻፋል፣ ይጠቀለላል፣ ይቀላቀላል። ሕፃን ልጅ ይጠራና ያወጣል። ጸሐፊው ፈቶ ያነባል። አሁን ልጠይቃችሁ። ዕጣው ለማን እንደሚደርስ ጸሐፊው ይወስናል? አይወስንም! የወጣውን ያነባል። ወረቀቱን ፈቶ አይቶ «ኧረ ይሄ ሰውዬ ባለፈው ሰላም አላለኝም፣ ሌላ ይውጣ» ቢልስ? (ሳቅ) አዎ፣ የዚያን ቀን እቁቡ ይፈርሳል።

ጃንዋሪ 6 ይኸው ነው። የማንበቢያ ቀን ነው። ሕዝብ በኖቬምበር ይመርጣል። እያንዳንዱ ስቴት ይቆጥራል፣ ያጣራል፣ ያጸድቃል። በዲሴምበር ኢሌክተሮች የምንላቸው ወኪል መራጮች በየስቴታቸው ተሰብስበው ድምፅ ይሰጣሉ። ሁሉም ሲደመሩ 538 ናቸው። 270 ያገኘ አሸነፈ። የፈረሙበት ወረቀት ታሽጎ ዋሽንግተን ይላካል። ጃንዋሪ 6 በሰባት ሰዓት ሴኔቱና የተወካዮች ምክር ቤቱ አንድ አዳራሽ ይቀመጣሉ። ወረቀቱ በእንጨት ሣጥን ይመጣል። ሰብሳቢው ምክትል ፕሬዚዳንቱ ነው። እሱ ይከፍታል፣ ቆጣሪዎቹ ያነባሉ። ከአላባማ እስከ ዋዮሚንግ በፊደል ተራ።

ዲሲ የምትኖሩ፣ እናንተም አላችሁበት። ከ1961 የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ወዲህ 3 ኢሌክተር አላችሁ። ዲሲ ግን ድምፅ የሚሰጥ ሴናተርም ተወካይም የላትም። ስለዚህ ሌላው የእናንተን ድምፅ ሊቃወም ይችላል። እናንተ የማንንም አትቃወሙም። ካፒቶሉ ደግሞ ሰፈራችሁ ነው! ይሄ ሁልጊዜ ያስቀኛል፣ ደግሞም ያናድደኛል።

መቃወሚያስ ከየት መጣ? ወደ 1876 ልውሰዳችሁ። ያ ዓመት ለእኛም ዓመት ነው። በማርች ወር አባቶቻችን በአፄ ዮሐንስ ዘመን ጉራ ላይ የግብፅን ጦር የገጠሙበት ነው። ታዲያ በዚያ የግብፅ ጦር ውስጥ ማን ነበረ? አሜሪካውያን! በእርስ በርስ ጦርነታቸው የተዋጉ መኮንኖች ለግብፁ ገዢ፣ ለኬዲቩ፣ ተቀጥረው መጥተው ነበር። ሎሪንግ የሚባለው የደቡቦቹ ጄኔራል የጦሩ ኤታ ማዦር ሹም ነበር። እነሱ ጉራ ላይ ሲሸነፉ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ አገራቸው ደግሞ በምርጫ ተያዘች።

ሄይስ የሪፐብሊካን፣ ቲልደን የዴሞክራት ዕጩ ናቸው። በሕዝብ ድምፅ ቲልደን ይበልጣል። ግን ከፍሎሪዳ፣ ከሉዊዚያናና ከሳውዝ ካሮላይና ሁለት ሁለት ወረቀት መጣ። አንደኛው «ሄይስ አሸነፈ» ይላል፣ ሁለተኛው «ቲልደን» ይላል። የኦሪገን አንድ ድምፅ ሲጨመር 20 ድምፅ አየር ላይ ቀረ። የትኛው ይነበብ? ሕጉ ዝም ብሏል። አንድ 15 ሰው ያለበት ኮሚሽን አቋቋሙ፣ ከሴኔት 5፣ ከተወካዮች 5፣ ከጠቅላይ ፍርድ ቤት 5። ሁሉም ነገር 8 ለ7 በፓርቲ መስመር አለቀ። ሄይስ በ185 ለ184 ገባ። በአንዲት ድምፅ!

ዋጋውን የከፈለው ማን ነው? ሄይስ እንዲገባ በተደረገው ድርድር ውስጥ ያልነበረው ነው። የፌዴራሉ ወታደር ደቡብ ውስጥ ከጥቁሮች መብት ጥበቃ ዞር አለ። ከባርነት የወጣው ሕዝብ ለነዚያው ለድሮ ጌቶቹ ተተወ። እኛ ጥቁሮች ነን፣ እዚህ አገር ልጅ እያሳደግን ነው። ይሄ የሌላ ሰው ታሪክ አይምሰላችሁ።

ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ቆይተው በ1887 ሕግ አወጡ። መቃወሚያ በጽሑፍ ይሁን፣ አንድ ተወካይና አንድ ሴናተር ይፈርሙበት አሉ። ይህ ከተሟላ ሁለቱ ምክር ቤቶች ይለያያሉ፣ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ይከራከራሉ፣ ድምፅ ይሰጣሉ። ሁለቱም በአብላጫ ካልተቀበሉት መቃወሚያው ወደቀ። ልብ በሉ፣ በዚያ ሕግ ዘመን ሁሉ አንድም መቃወሚያ አልጸደቀም። አንድም!

እንግዲህ ይቻላል ወይ ብትሉኝ፣ ይቻላል። ድሮ በአገራችን አንድ ሰው ሌላውን «በሕግ አምላክ!» ካለው የተጠራው ይቆማል። ጠሪው ደሀ ይሁን ጌታ ይቆማል። ግን ከቆመስ በኋላ? ዳኛ ፊት ትሄዳለህ፣ ነገርህን ታስረዳለህ። «በሕግ አምላክ» ብለህ አስቁመህ ከብቱን ነድተህ አትሄድም።

አሁን ስለ ማኅተሙ ልንገራችሁ። ይሄን ሳልናገር ብሄድ እንቅልፍ አይወስደኝም። ከብዙ ዓመት በፊት አባል የነበርኩበት አንድ መረዳጃ ማኅበር ነበር። ስሙን አልጠራም፣ አትጠይቁኝ። ምርጫ አደረግን። የነበረው ሊቀመንበር በ11 ድምፅ ተሸነፈ። እጅ አውጥተን ቆጠርን። ደግመን ቆጠርን። ያው 11። ሰውዬው ምን አደረገ? ኮቱን ለበሰ፣ ማኅተሙን ኪሱ ከተተ፣ የቼክ ደብተሩን በብብቱ ያዘ፣ ወጣ! (ሳቅ) ትስቃላችሁ። እኛም ያን ቀን ስቀን ነበር።

ሰውዬው ምክንያት ነበረው። «ሁለት ሰዎች መዋጮ ሳይከፍሉ መርጠዋል» አለ። እውነቱን ነው! ሁለቱ አልከፈሉም። መዝገቡን አየን፣ አልከፈሉም። ግን እስቲ እናስላው። 11 ሲቀነስ 2 ስንት ነው? ዘጠኝ። ዘጠኝ ድምፅ አሁንም ሽንፈት ነው። እሱ ግን በሁለቱ ሰዎች ላይ ሙጭጭ አለ። ጥፋቱ እውነት ነው፣ መደምደሚያው ግን ውሸት ነው። ይቺን ያዙልኝ። 11 ሲቀነስ 2።

ሰባት ወር እንዲሁ ተጎተተ። በመሀል አንድ አባላችን ሞተብን። ሬሳውን አገር ቤት ለመላክ ገንዘብ ያስፈልጋል። ገንዘቡ ባንክ አለ። ፊርማና ማኅተም የለም። ቤተሰቡ እያለቀሰ፣ እኛ በየሬስቶራንቱ እየዞርን ብር ለመንን። የራሳችን ገንዘብ ባንክ ተቀምጦ! ያን ጊዜ የሳቀ አልነበረም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልግባ። ከዚህ በፊት ማን ተቃውሟል? እዚህ የትራምፕ ደጋፊ አለ፣ የባይደንና የካማላም አለ። ሁለታችሁንም አስቀይማለሁ፣ ተዘጋጁ።

በ1969 አንድ የኖርዝ ካሮላይና ኢሌክተር ለኒክሰን እንዲመርጥ ተልኮ ለዋላስ መረጠ። ተቃወሙ፣ ተከራከሩ፣ ድምፁ እንዳለ ተቆጠረ። እሱ ትንሽ ነገር ነው፣ ልለፈው።

2001ን ግን አላልፈውም። ሰብሳቢው አል ጎር ናቸው። ተሸናፊውም አል ጎር ናቸው! ፍሎሪዳ በ537 ድምፅ ለቡሽ ሄዳለች። ከስድስት ሚሊዮን ከሚጠጋ ድምፅ ውስጥ 537። እዚህ ላይ «11 ሲቀነስ 2» አይሠራም፣ እዚህ 11ዱ ራሱ አጠራጣሪ ነው። ድጋሚ ቆጠራውን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 አስቁሞታል። ጥቁር ተወካዮች ተራ በተራ ተነሡ። ለማን ነው የሚከራከሩት? ለጎር። ማን ነው የሚያስቀምጣቸው? ጎር። «መቃወሚያው የሴናተር ፊርማ አለው?» ይላሉ። የለውም። ቀጣይ። የለውም። ቀጣይ። ማክሲን ዋተርስ ተነሥተው የሴናተር ፊርማ ባይኖረውም ግድ የለኝም አሉ። ጎር ምን መለሱ? «ደንቡ ግን ግድ አለው።»

ያን ቀን ታክሲ ውስጥ በሬዲዮ ተከታተልኩት። በጎር ተናደድኩ፣ ምነው እንዲህ ልፍስፍስ ሆኑ ብዬ። ዛሬ እንደዚያ አላስብም። አባቴ ድንበር ተከራክሮ ተረትቶ ሲመለስ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይል ነበር። ከአባቴ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የገባኝ በጎር ነው።

በ2005 የኦሃዮ ተወካይዋ ስቴፋኒ ታብስ ጆንስና የካሊፎርኒያዋ ሴናተር ባርባራ ቦክሰር ፈረሙ። ሁለቱም ዴሞክራት ናቸው። ኦሃዮ ውስጥ ሰው ለመምረጥ ብዙ ሰዓት ተሰልፎ ነበርና ያ ይሰማ አሉ። ውጤቱን ለመገልበጥ እንዳልሆነም ተናገሩ። የዴሞክራቱ ዕጩ ጆን ኬሪ ሽንፈታቸውን ከተቀበሉ ሁለት ወር አልፏል። ሴኔት ውስጥ 74 ለ1 ወደቀ፣ በተወካዮች 267 ለ31። ይሄኛውን እንዴት ላየው? ሰልፉ እውነት ነበር። ቦታው ግን አልነበረም። የሰልፍ አቤቱታ የሚሰማበት ሌላ ቀን አለ። እንዲህ ስል እዚያ ጥግ ያለችው እህቴ ፊቷን አጠቆረችብኝ። አይቼሻለሁ፣ ቡና ላይ እንጨርሰዋለን።

በ2017ስ? ይህ አዳራሽ ያለበት ወረዳ ተወካይ ማን ናቸው? ጄሚ ራስኪን። ቃለ መሐላ ከፈጸሙ ሦስት ቀን እንኳ ሳይሞላቸው ተነሥተው የፍሎሪዳን የትራምፕ ድምፅ ተቃወሙ። ሴናተር አልፈረመላቸውም። ሰብሳቢው ባይደን ነበሩ፣ የራሳቸውን ፓርቲ ሰዎች «አበቃ» ብለው አስቀመጧቸው። ከአራት ዓመት በኋላ ስለ 2021ዱ ጥፋት ትራምፕን ሴኔት ፊት የከሰሱትን የመሩት እኚሁ ራስኪን ናቸው። ጉዳዮቹ እኩል አይደሉም፣ እኩል ናቸው አላልኩም። ግን የሪፐብሊካን ጎረቤታችሁ ይህን ሲያነሣባችሁ «ውሸት ነው» አትበሉት። ውሸት አይደለም።

ሦስተኛው ነጥብ 2021 ነው፣ ባይደን ትራምፕን ያሸነፉበት ውጤት የተነበበበት ጃንዋሪ 6። ቀኑን የማያስታውስ አለ? የገና ዋዜማ ነበር። ባለቤቴ ወጥ እየሠራች ነው፣ እኔ ሽንኩርት ልጬ ጨርሼ ቴሌቪዥን ላይ ተቀምጫለሁ። አላባማ ተነበበች። አላስካ ተነበበች። ሦስተኛዋ አሪዞና ስትደርስ ጎሳር የተባሉት ተወካይና ሴናተር ቴድ ክሩዝ የፈረሙት መቃወሚያ ቀረበ። ሕጉ ይፈቅዳል፣ ተለያይተው መከራከር ጀመሩ። ስምንት ሰዓት አለፍ ሲል መስኮት ተሰብሮ የትራምፕ ደጋፊዎች ካፒቶሉ ውስጥ ገቡ።

ያን የሚያህል ሕንፃ! እኔ ቆሜ ሰው ላወርድ ስሞክር ፖሊስ በፉጨት የሚያባርረኝ ቦታ! 140 ያህል ፖሊሶች ተጎዱ። አንዲት ሴት ውስጥ በጥይት ተመትታ ሞተች። ምክትል ፕሬዚዳንት ፔንስን እየሸሸጉ አወጧቸው። ፔንስ ያን ዕለት «የትኛው ድምፅ ይቆጠር፣ የትኛው ይቅር ብሎ ለብቻ የመወሰን ሥልጣን የለኝም» ብለው ጽፈው ነበር። ጸሐፊው ያነባል እንጂ ዕጣ አይመርጥም ማለታቸው ነው። የሴኔቱ ሠራተኞች ሲሸሹ ሣጥኖቹን ይዘው ወጡ። ሰው ነፍሱን ይዞ ሲሮጥ ሣጥን ማንሣት ትዝ ያላቸውን ሠራተኞች ሳስብ ዛሬም ይገርመኛል።

እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። «አንተ፣ እናንተም ጋ እንዲህ አለ እንዴ?» አለችኝ። ምን ልበላት? የዲሲ ከንቲባ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ሰዓት እላፊ አወጁ። ለገና ቅዳሴ የተዘጋጀነው ነጠላችንን አጣጥፈን ቤት ቀረን። ሰዓት እላፊ የሚለውን ቃል አሜሪካ ውስጥ በአማርኛ ለልጄ ማስረዳት ነበረብኝ።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ እንደገና ተቀመጡ። የአሪዞናው በሴኔት 93 ለ6፣ በተወካዮች 303 ለ121 ወደቀ። ቀጥሎ ፔንሲልቫኒያ፣ በሴኔት 92 ለ7፣ በተወካዮች 282 ለ138። በድምሩ 147 ሪፐብሊካን ቢያንስ በአንዱ ላይ ተቃውመዋል፣ 8 ሴናተሮችና 139 ተወካዮች። ሰው ከተጎዳ፣ መስታወት ከተሰበረ በኋላ! የጆርጂያዋ ሴናተር ኬሊ ሌፍለር ግን ፈርማ የነበረችውን መልሳ ወሰደች። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አልፎ ተጠናቀቀ። ባይደን 306፣ ትራምፕ 232። እኛ ቅዳሴ የምንወጣበት ሰዓት ነው።

አሁን ስሌታችንን እናምጣ። አሪዞና በ10,457 ድምፅ ነው የተለየችው። ጆርጂያ በ11,779፣ ያውም በእጅ ጭምር ተቆጥሮ። ከ60 በላይ ክሶች ፍርድ ቤት ገብተው ሁሉም ለማለት ይቻላል ወደቁ። ትራምፕ ራሳቸው የሾሟቸው ዳኞች ጥለውባቸዋል። ስህተት አልነበረም ወይ? ነበረ፣ ስህተት የሌለበት ምርጫ የለም። ግን 11 ሲቀነስ 2። ደግሞ ይሄን እዩልኝ። ከፔንሲልቫኒያ የተመረጡ ሪፐብሊካን ተወካዮች ራሳቸው የፔንሲልቫኒያን ውጤት ተቃወሙ። እነሱ የተመረጡት በየትኛው ወረቀት ነው? በዚያው ወረቀት! በዚያው ቀን፣ በዚያው ማሽን። ከላይ ያለው መስመር የተጭበረበረ፣ ከታች የእነሱ ስም ያለበት ንጹሕ። ይሄ እንዴት ይሆናል?

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። እኛ ሐበሾች «ምርጫው ተሰረቀ» ሲባል ቶሎ እናምናለን። አልፈርድብንም። በአገር ቤቱ ምርጫ፣ በእኛ አቆጣጠር በ97፣ ያየነውን አይተናል። እዚያ የእኛ ጥያቄ ቆጣሪው ማነው የሚል ነበር። ቆጣሪውን አለማመን ከዚያ ይዘነው መጣን። እኔም ይዤው ነው የመጣሁት። ያራገፍኩት ራሴ ቆጣሪ ስሆን ነው።

ሜሪላንድ የምርጫ ጣቢያ ሠራተኛን ምን እንደምትለው ታውቃላችሁ? «የምርጫ ዳኛ» ነው የምትለው። ለእናቴ ዳኛ ሆንኩ አልኳት። ሳላስረዳት እልል አለች! (ሳቅ) ለጎረቤት ሁሉ ነገረች። «ልጄ አሜሪካ ዳኛ ሆኗል።» እስካሁን አላረምኳትም። ጣቢያው ውስጥ ከሁለቱም ፓርቲ ሰው አለ። ከእኔ ጋር የምትሠራው ነጭ አሮጊት ሪፐብሊካን ናት፣ በፖለቲካ በአንዲት ነገር አንስማማም። ማታ ሲዘጋ ስንት ሰው ገባ፣ ስንት ወረቀት ማሽኑ በላ ብለን እናስተያያለን። አንድ ቢጎድል አንሄድም። አንድ ማታ አንዲት ወረቀት ጠፍታን አንድ ሰዓት ሙሉ ፈለግን። ለካ አንድ ሰውዬ ስሙን ካስመዘገበ በኋላ መታወቂያው መኪና ውስጥ የቀረ መስሎት ወጥቶ ሳይመለስ ቀርቷል። ሁለታችንም ያን ጽፈን ፈረምን። ታዲያ ይህን ያየሁ ሰው «ሌሊት የድምፅ ወረቀት በሻንጣ አስገቡ» ሲሉኝ ምን ልበል?

ሕጉም ተሻሻለ። በ2022 መጨረሻ ሴናተር ኮሊንስና ሴናተር ማንቺን ከሁለቱም ወገን ሆነው የገፉት አዲስ ሕግ ወጣ። አሁን አንድና አንድ ፊርማ አይበቃም። ከእያንዳንዱ ምክር ቤት አንድ አምስተኛው መፈረም አለበት፣ ምክር ቤቶቹ ሙሉ ከሆኑ 20 ሴናተርና 87 ተወካይ ማለት ነው። የሚቃወሙበት ምክንያትም በሕጉ ተወስኗል፣ ደስ አላለኝም ብሎ መቃወም የለም። የምክትል ፕሬዚዳንቱ ሥራ የሥነ ሥርዓት ብቻ ነው ተብሎ ተጻፈ።

ከዚያስ? ጃንዋሪ 6፣ 2025። እንደገና የገና ዋዜማ! ይሄ ቀን ከእኛ ጋር ምን እንዳለው አላውቅም። በረዶ ጥሎ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተዘግቷል። ካማላ ሃሪስ ሰብሳቢ ሆነው የራሳቸውን ሽንፈት አስነበቡ። ትራምፕ 312፣ ሃሪስ 226። ማንም አልተቃወመም። ግማሽ ሰዓት ገደማ ፈጀ። እኔ መኪናዬን ከበረዶ እስካወጣ አልቆ ነበር። በ1961 ኒክሰን፣ በ2001 ጎር፣ በ2025 ሃሪስ የተሸነፉበትን ወረቀት ራሳቸው አስነበቡ። ኒክሰንማ ከሃዋይ ሁለት ዓይነት ወረቀት ሲመጣላቸው የተቀናቃኛቸው የኬኔዲ ይነበብ ነው ያሉት። ባልሳሳት ይሄኔ የእኛን ማኅበር ማኅተም ይዘው ቢሆን ኖሮ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ነበር የሚወጡት።

ካፒቶሉን ስለወረሩት ሰዎች ልትጠይቁኝ እንደሆነ ገብቶኛል። ትራምፕ በ2025 እንደተመለሱ ለ1,500 ያህል ሰዎች ምሕረት አድርገዋል። እሱ ላይ የራሴ አስተያየት አለኝ፣ ሰዓቱ ግን የለኝም። ሰብሳቢዋ ሰዓቷን እያየች ነው።

ማኅተሙ ምን ሆነ ትሉኛላችሁ። የፋሲካ ለት የሰውዬው ባለቤት በፌስታል ጠቅልላ ቤተ ክርስቲያን አመጣችው። «ሶፋ ስጠርግ አገኘሁት» አለች። ማንም ምንም አላላትም። ቀለሙ ደርቆ ነበር፣ ሌላ አስቀረጽን።

በሉ፣ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ወረቀት አለ። ለሚመጣው ምርጫ የምርጫ ዳኛ መሆን የምትፈልጉ ስማችሁንና ስልካችሁን ጻፉ። ሥልጠና አለ፣ ትንሽ ክፍያም አለ። ወጣቶች፣ በተለይ እናንተን ነው የማየው። እስክሪብቶው በገመድ ታስሯል፣ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ቡናው ሁለተኛው ደርሷል መሰለኝ፣ ጥያቄ ያላችሁ እዚያ አግኙኝ። አመሰግናለሁ።